አዲሱ ሌንሴ ወፍ ላይ ብዥ አለብኝ፤ ልመልሰው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሥራዬ የሰርግና የምርቃት ፎቶ ነው። ካሜራዬ ካኖን 80ዲ ነው። ባለፈው ሳምንት ያገለገለ ሲግማ 150–600 (ኮንቴምፖራሪ የሚባለው) ሌንስ ከአንድ ሰው ገዛሁ። ሻጩ እስከ እሑድ እንድሞክረው ፈቅዶልኛል፣ ካልሆነልኝ ገንዘቤን ይመልሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሆኜ የጓሮ ወፎችን አነሳሁ። መስኮቱ የትንኝ ወንፊት አለው፣ ግን ስስ ስለሆነ ፎቶው ላይ አይታይም። ሌንሱ 600 ላይ፣ ሹተር 1/200፣ አይኤስኦ 200 ነበር። ከአራት መቶ ፎቶ ጥርት ያለው አሥር አይሞላም። በትራይፖድም ሞከርኩ፣ ለውጥ የለውም። ጓደኞቼ ‹ሌንሱ ወድቆ ተመትቷል› ይሉኛል። ልመልሰው? ወይስ ካሜራውን ልቀይር?»

ምላሽ፦ ሌንሱን ገና አትመልሰው። ካሜራውንም ለመቀየር አትቸኩል። በአራት መቶው ፎቶ የፈተንከው ሌንሱን ብቻ አይደለም። እጅህን፣ የወፎቹን ቅልጥፍና፣ የመስኮቱን ወንፊትና የቀትሩን ሙቀት አንድ ላይ ነው የፈተንከው። ከነዚህ የትኛው እንዳበላሸው ከፎቶዎቹ መለየት አስቸጋሪ ነው። ወፍ ለአዲስ ሌንስ የመጀመሪያ ፈተና አትሆንም። መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ነገር ታነሳለህ፣ ከዚያ ወደ ወፍ ትሄዳለህ። ለዚህ አንድ ጠዋት ይበቃሃል። እሑድ ገና ነው።

ከሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ካሜራው ከሚገባበት የሴኮንድ ክፍልፋይ፣ እንጀምር፤ ትልቁ ስህተት እዚያ ነው ያለው። ሰርግ ላይ 1/200 ይሠራልሃል። የምትይዘው 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ሙሽሮቹም ቆመው ያዩሃል። ፍላሽ ስትጠቀም ደግሞ እንቅስቃሴውን የሚያቆምልህ ፍላሹ ነው። 600 ሚሊ ሜትር ላይ ግን ሌንሱ ወፏን ሲያቀርብልህ የእጅህን መንቀጥቀጥም አብሮ ያቀርበዋል። የቆየው የፎቶ አንሺዎች መመሪያ ሹተርህ ቢያንስ ከሌንሱ ርዝመት ጋር ይመጣጠን ይላል። የ80ዲ ሴንሰር (ምስሉ የሚያርፍበት) ደግሞ ሙሉ ፍሬም ከሚባለው ትልቁ ሴንሰር ስለሚያንስ ርዝመቱን በ1.6 ታባዛለህ። 960 ይመጣል። ስለዚህ መነሻህ 1/1000 ነው። ያንተ 1/200 ከዚህ አምስት እጥፍ የዘገየ ነው።

«ሌንሱ ማረጋጊያ አለው አይደል?» ልትለኝ ትችላለህ። አለው፣ ጥሩም ነው። የሚያረጋጋው ግን ያንተን እጅ እንጂ ወፏን አይደለም። የሙዝ አበባ የምትመጥጠውን ትንሽ ወፍ ልብ ብለህ እያት። ምንቃሯን ትከታለች፣ ታወጣለች፣ ዞር ትላለች፣ ደግሞ ትከታለች። ሽቦ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠች የምትመስል ዋኔ እንኳ አንገቷን ሰበቅ ሰበቅ ታደርጋለች። በ1/200 ያ ሁሉ ፎቶው ላይ ይሳባል። ትራይፖድ ለውጥ ያላመጣልህም በዚህ ነው። ትራይፖዱ ካሜራውን ያዘልህ፣ ወፏን ግን ማን ይያዛት?

አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ላይም ፍርሃት አይብሃለሁ፤ ይህን ብዙ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ላይ አየዋለሁ። ሹተሩን ከ1/200 ወደ 1/1000 ስትወስደው የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ያንን ለመመለስ አይኤስኦውን ከ200 ወደ 1000 ታወጣዋለህ። ጠዋት ጥላ ሥር ከሆንክ 1600 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። 80ዲ 1600ን ይችለዋል። ኖይዝ፣ ማለትም ሻካራ ነጠብጣብ፣ ይኖራል፣ ግን ኖይዝ በኤዲቲንግ ይቀነሳል። የተሳበ አይን ግን ምንም ብታደርገው አይመለስም።

አሁን ወደ ወንፊቱ። «አይታይም» ማለትህ እውነት ነው። ሌንሱ በጣም ስለሚቀርበው የወንፊቱ ክር ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ይሟሟል እንጂ አይጠፋም። እያንዳንዱ ክር የሚገባውን ብርሃን እየሰባበረ ፎቶው ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ያርፋል። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የላባው ጠርዝ ይለሰልሳል። መስታወትም ያው ነው፤ በተለይ ወደ ጎን ዘመም ብለህ በመስታወት ካነሳህ ምስሉ ይበላሻል። ሌላም ነገር እየው፦ ሻጩ ሌንሱ ፊት ዩቪ ፊልተር የሚባል መከላከያ መስታወት አጥልቆበት ይሆናል። የዚህ ሌንስ ፊልተር 95 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ መስታወት ነው፤ ርካሹ ደግሞ 600 ላይ ጉድ ይሠራል። ካለ አውጣው። ሌንሱን ከግጭት የሚጠብቅልህ ሁዱ፣ ማለትም ፊቱ ላይ የሚገጠመው ከለላ፣ ነው።

የቀትሩ ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ምሳ ሰዓት ላይ የጎረቤትህን ቆርቆሮ ጣሪያ ዝቅ ብለህ አሻግረህ እየው። አየሩ ከሰል ላይ እንዳለ ይርገበገባል። በዚያ ላይ አሻግረህ የምታነሳው ነገር ሁሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ይህን የትኛውም ሌንስ አያሸንፈውም፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን። የጋለ አስፋልትም እንደዚሁ ነው። መፍትሔው ጠዋት ማንሳት ነው፣ ካልሆነ ወደ ወፏ መቅረብ። ከቅርብ ስታነሳ በመካከላችሁ ያለው የጋለ አየር ትንሽ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግን ሰዎችን የሚያሳስተው የፎከስ ጥልቀት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። 600 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 6.3፣ ወፏ 5 ሜትር ላይ እንበል። ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ጣት ነው በለው። የወፏ አካል ከዚያ ይወፍራል። ፎከሱ ክንፏ ላይ ካረፈ አይኗ ይደበዝዛል። ፊት ለፊቷ ያለች ጭራሮ ላይ ካረፈ ደግሞ ወፏ በሙሉ ትጠፋለች።

እኔም ግቢዬ ውስጥ ሙዝ አለኝ። አንድ ጠዋት አበባው ላይ ደረቱ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሌላው አካሉ ጠቆር ያለ አበባ መጣጭ ወፍ መጣ። ተከታታይ ስምንት ፎቶ አነሳሁ። ኮምፒውተር ላይ ሳያቸው ስምንቱም የወፉ ፊት ለስላሳ ነው። ሌንሱን ልጠረጥር ስል አንዱን እስከ መቶ በመቶ አጎላሁት። ከወፉ ምንቃር በታች፣ የአበባው ወይን ጠጅ ሽፋን ላይ አንዲት ጉንዳን ነበረች። እግሮቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አንቴናዋ ሳይቀር ይታያል። ሌንሱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ካሜራው ግን የመረጠው ወደ እኔ ቀረብ ያለውን አበባ ነበር። አይኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል።

አንተም አራት መቶውን እንዳትሰርዛቸው። ሃያውን መርጠህ መቶ በመቶ አጉላቸውና ፍሬሙን ሁሉ ዞር ዞር ብለህ ፈልግ። የሆነ ቦታ ላይ ጥርት ያለ ቅጠል፣ ጭራሮ ወይም የሸረሪት ድር ካገኘህ ችግሩ ፎከሱ ያረፈበት ቦታ ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ነጥቡ ሁሉ ሰረዝ ከሆነ እጅህ ነው። ቅርንጫፉ ጠርቶ ወፏ ብቻ ከተሳበች የሹተር ፍጥነት ነው። ምንም ሳይሳብ ሁሉም እኩል ከለሰለሰና ቀለሙም ከደበዘዘ ወንፊቱ ወይም ፊልተሩ ነው። የግድግዳው ጠርዝ ከተወላገደ ሙቀቱ ነው። ባልከው ሁኔታ አብዛኞቹ ፎቶዎችህ ውስጥ ሁለትና ሦስቱ ተደራርበው ታገኛቸዋለህ ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የሌንሱ ጎን ላይ ያሉትን ማብሪያዎች እያቸው። አንዱ ፎከሱ የሚሠራበትን ርቀት የሚገድብ ነው፤ ሦስት ቦታ አለው። ከ10 ሜትር እስከ ማለቂያ የሌለው ርቀት በሚለው ላይ ሆኖ ከቀረ 5 ሜትር ላይ ያለችውን ወፍ ካሜራው በጭራሽ አያገኛትም። ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ሲንገላታ ሰው «ሞተሩ ተበላሽቷል» ይላል። ሙሉውን ርቀት በሚሸፍነው ላይ አድርገው። ይህ ሌንስ ከ2.8 ሜትር በታች ፎከስ እንደማያደርግም እወቅ። ኦኤስ የሚለው ማረጋጊያው ነው። በእጅ ስትይዝ 1 ላይ፣ በትራይፖድ ላይ ሲሆን ጠፍቶ። ትራይፖድ ላይ አብርተኸው ከነበረ እሱ ራሱ ምስሉን አንቀጥቅጦት ሊሆን ይችላል። ሲ1 እና ሲ2 የሚለው ማብሪያም ይጥፋ። የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳስቀመጠበት አታውቅም።

አሁን ወደ ፈተናው። ነገ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ንፋስ ሳይነሳ ጀምር። አንድ የጋዜጣ ገጽ ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ በአራቱም ጥግ ወጥረህ ለጥፍ። 10 ሜትር ራቅ። 600 ላይ የፍሬምህ ስፋት 37 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን የገጹ ጽሑፍ ፍሬሙን ይሞላዋል። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትክክል ፊት ለፊት ይሁን፣ ዘመም ካለ አንዱ ጎን በከንቱ ይደበዝዛል። ጠንካራ ትራይፖድ ተጠቀም፣ ማረጋጊያውን አጥፋ፣ በሁለት ሴኮንድ ታይመር አንሳ። መጀመሪያ በላይቭ ቪው፣ ማለትም ስክሪኑን እያየህ ፎከስ አድርግ። አምስት ፎቶ በኤፍ 6.3፣ አምስት በኤፍ 8። በየመሐሉ የፎከስ ቀለበቱን በእጅህ አዛባና እንደገና ፎከስ አስደርገው። ከዚያ ያንኑ በቪውፋይንደር፣ ማለትም አይንህን አስጠግተህ በምታይበት ቀዳዳ፣ በመሐለኛው ነጥብ ድገመው። ሃያ ፎቶ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለት ጊዜ የማስነሳህ በምክንያት ነው። 80ዲ በቪውፋይንደር ስታይ ፎከስ የሚለካው ከምስሉ ሴንሰር ተለይቶ በተቀመጠ ሌላ ሴንሰር ነው። በላይቭ ቪው ግን የሚለካው ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር ራሱ ነው። ስለዚህ በላይቭ ቪው ፊደሎቹ ጠርተው በቪውፋይንደር ከደበዘዙ ሌንሱ ጤነኛ ነው። ካሜራውና ሌንሱ አልተናበቡም ማለት ነው። ለዚህም ካሜራህ ውስጥ ማይክሮአጀስትመንት የሚባል ማስተካከያ አለ። ወደ ሁለቱም ወገን እስከ 20 ይሄዳል። አምስት አምስት እያልክ ሞክር፣ ከጠራ በኋላ አንድ ሁለት እያልክ አስተካክል። ይህን ከማንም በላይ ራስህ በቤትህ ትሠራዋለህ።

በሁለቱም መንገድ የፍሬሙ መሐል በኤፍ 8 ከጠራ፣ ጥጎቹም ተቀራራቢ ከሆኑ ሌንሱ ደህና ነው። ኤፍ 6.3 ላይ ትንሽ ለስለስ ማለቱ የዚህ ዓይነት ረጅም ዙም ባሕርይ ነው፣ ሕመም አይደለም። ወደ 500 ስትመልሰው ትንሽ እንደሚሻል ታያለህ። ነገር ግን የግራው ጽሑፍ ጠርቶ የቀኙ ኤፍ 8 ላይም ቢሆን ከጠፋ ካሜራውን እንደገና ከግድግዳው ጋር አስተካክለህ ድገም። አሁንም ያው ጎን ከሆነ ውስጥ ያለው መስታወት ቦታውን ስቷል። ጓደኞችህ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ያንን በማስተካከያ ሜኑ አታድነውም።

ጋዜጣውን ካለፈ ወደ ወፍ ሂድ፣ ግን ጓሮህ ካለችው ትንሿ አትጀምር። ሐዋሳ መኖርህ ትልቅ ዕድል ነው። አሞራ ገደል አሳ ገበያ በጠዋት ሂድ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ ትርፍራፊ እየጠበቁ ሐውልት መስለው ይቆማሉ፣ ሰውም ብዙ አይሸሹም። 10 ሜትር ላይ በ600 ፍሬምህ ውስጥ የሚገባው ጭንቅላቱና የአንገቱ ቁራጭ ብቻ ነው። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? አንድ የፎከስ ነጥብ ምረጥ፣ አይኑ ላይ አሳርፍ፣ ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ ፎከስ የሚያደርገው) ላይ አድርገህ በተከታታይ አንሳ። ካሜራህ በሴኮንድ ሰባት ያነሳል። የወፉ መላጣ ራስ ላይ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች ከታዩህ አንተም ሌንሱም ተግባብታችኋል። እዚያ ግን ሰው ይበዛል። ማሰሪያውን አንገትህ ላይ አጥልቀው፣ ቦርሳህን ከእግርህ አታርቅ፣ ዓሣ አጥማጆቹንም ፊታቸው ላይ ሌንስ ከመደገንህ በፊት አስፈቅዳቸው።

ጓሮህን ደግሞ አዘጋጀው። ሌንሱ ወፏን ሊያቀርብልህ ሳይሆን ወፏ ራሷ እንድትቀርብ ነው መሥራት ያለብህ። 600 ላይ 11 ሴንቲ ሜትር የምታህል ወፍ 20 ሜትር ርቃ ስትሆን የፍሬሙን ስፋት አንድ ሰባተኛ ብቻ ትይዛለች። ቀሪውን በክሮፕ ቆርጠህ ስትጥል ነው ፎቶው የሚፈርሰው። 5 ወይም 6 ሜትር ላይ ካገኘሃት ግን ያው ሌንስ ሌላ ሌንስ ይሆንልሃል። ጥላ ያለበት ቦታ ጠፍጣፋ ሳህን ውሃ አስቀምጥ፣ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ። ከአጠገቡ ደረቅ ቅርንጫፍ ትከል፤ ወፎች ከመጠጣታቸው በፊት እሱ ላይ አርፈው ዙሪያውን ያያሉ። ከቅርንጫፉ ኋላ ያለው አጥር ወይም ዛፍ በተቻለ መጠን ራቅ ይበል፣ ያኔ ጀርባው ለስልሶ ወፏ ብቻ ትወጣለች። በበጋ ውሃው ከምንም ጥሬ በላይ ይጠራቸዋል። ግን ሐዋሳ ነህና ውሃውን በየቀኑ ድፋና አዲስ ቅዳ። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍልብሃል።

ከመስኮቱ ውጣና በረንዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጥ። ሌንሱ ወደ ሁለት ኪሎ ስለሚጠጋ ለረጅም ጊዜ በእጅ መያዝ አድካሚ ነው። አንድ ከረጢት ሽምብራ ወይም ሩዝ ሙላና ወንበር መደገፊያ ላይ አስቀምጠው፤ ሌንሱን እሱ ላይ አሳርፍ። ለትንሽ ወፍ ከትራይፖድ ይልቅ ይሄ ይቀላል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30 ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10:30 በኋላ። እኛ አገር ፀሐይዋ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች። 3 ሰዓት ካለፈ የወፏ አይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ አይን ውስጥ የምትታየው የብርሃን ነጥብም ትጠፋለች። ቢጫዋ ጎጆ ሸማኝ ወፍ ጥቁር አረንጓዴ አቮካዶ ቅጠል ውስጥ ስትሆን ካሜራው በጨለማው ተታሎ ቢጫውን ያቃጥለዋል፤ ብርሃኑን ትንሽ ቀንስለት። ሽቦ ላይ ሰማይ ጀርባዋ የሆነችው ደግሞ ጥላ ብቻ ሆና ትወጣለች፤ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ፣ ጨምርላት።

ጥቂት ነገሮች በጥብቅ አሳስብሃለሁ። ጎጆ ለማየት ብለህ ቅጠል አትቁረጥ። ያ ቅጠል ጫጩቶቹን ከፀሐይና ከቁራ የሚጋርድ ብቸኛው ነገር ሊሆን ይችላል። እናትየው ምግብ በአፏ ይዛ አጠገብህ እየተቁነጠነጠች ካልገባች አንተን ፈርታ ነው፣ ወዲያው ራቅ። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወትክ አትጥራቸው፤ ተቀናቃኝ የመጣ መስሏቸው መብላታቸውን ይተዋሉ። ሌንሱን ወደ ፀሐይ አዙረህ በቪውፋይንደር ደግሞ በፍጹም አትይ። በ600 ሚሊ ሜትር የተሰበሰበ ፀሐይ አይን ያጠፋል።

ካሜራ ስለመቀየር ለጠየቅከው፦ አይንን ራሳቸው ፈልገው የሚይዙ አዳዲስ ሚረርለስ ካሜራዎች ለወፍ ያግዛሉ፣ አልክድም። ግን በ1/200 የተነሳች ወፍ በነሱም ትሳባለች፣ በወንፊት ውስጥም እንዲሁ ትደበዝዛለች። ገንዘብህን አሁን አታውጣ። ሌንሱም ወሰን አለው። ጥላ በሆነ ጫካ ውስጥ ኤፍ 6.3 ይጨልምብሃል፣ ለማታ ሰርግም አይሆንህም። የገዛኸው ሁለቱንም ሥራ ይሠራልኛል ብለህ ከሆነ ከእሑድ በፊት አስብበት።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ነገ ጠዋት ጋዜጣውን አንሳ። መሐሉ ጠርቶ ጥጎቹ ከተቀራረቡ ሌንሱን ያዘው፣ ለሻጩም ያኑ ዕለት ደውለህ ንገረው። አንዱ ጎን ከጠፋ ምንም ሳትከራከር መልሰው። ስትመልስ ታዲያ የጋዜጣውን ፎቶዎች በላፕቶፕ ይዘህ ሂድ፣ የወፎቹን አታሳየው። የወፎቹን ካሳየኸው «ተንቀሳቅሳ ነው» ይልሃል፣ እሱም እውነቱን ነው።